ፕሮጀክት ያልቃል፤ ሰው ግን አያልቅም

«የምርምር ዩኒቨርሲቲ» የሚል ሰሌዳ በር ላይ መስቀል ቀላል ነው። ከሰሌዳው ጀርባ ምርምሩን የሚሠራው ሰው ማን ነው፣ ስንት ዓመት ሠራ፣ ነገስ የት ይደርሳል ብሎ መጠየቅ ግን አልተለመደም። የዛሬው ጽሑፍ ስለዚያ ሰው ነው። ረዘም ይላል፤ ሻያችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

መንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቻችንን በተልዕኮ ሲለይ ስምንቱን የምርምር ዩኒቨርሲቲ ብሏቸዋል፦ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ጎንደር፣ ሐዋሳ፣ ሐሮማያ፣ ባሕር ዳር፣ መቀሌና አርባ ምንጭ። ጥሩ ነው። ከዚያ ወዲህ በየመድረኩ የምንሰማው ስለ ገንዘብ ነው። የምርምር በጀት አነሰ፣ ኬሚካል ጠፋ፣ ዶላር የለም፣ ማሽኑ ተበላሸ። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ አልክድም። ነገር ግን ከገንዘብ እጥረቱ የሚብስ፣ ስሙን ጠርተን የማናውቀው ችግር አለ። ገንዘቡ ሲመጣም ሰው አንገነባበትም። የውጭ ግራንት ይገባል፣ መኪና ይገዛል፣ ወርክሾፕ ይደረጋል፣ ሪፖርት ይጻፋል፣ ሥራውን የሠሩት ልጆች ይበተናሉ። በሚቀጥለው ግራንት ደግሞ ከዜሮ ይጀመራል።

ይህ የድህነት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ዝም እል ነበር። የአሠራር ምርጫ ነው የምለው ግን፣ አሁኑኑ፣ ባለን ገንዘብና ባለን ሕግ፣ ሊለወጥ ስለሚችል ነው።

ምርምሩን የሚሠራው ማን ነው?

በአንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ምርምር የሚሠሩ ሦስት ዓይነት ሰዎች አሉ።

የመጀመሪያው መምህሩ ነው። መምህሩ መሰላል አለው። ከረዳት ምሩቅነት ይነሣል፤ ሌክቸረር፣ ረዳት ፕሮፌሰር፣ ተባባሪ ፕሮፌሰር፣ ፕሮፌሰር እያለ ይወጣል። መሰላሉ ጠባብ ነው፣ ደመወዙም ኑሮውን አይችለውም፤ የዩኒቨርሲቲ መምህራን በ2015 ዓ.ም. ሥራ ለማቆም እስከ መወሰን የደረሱት ለዚያ ነው። በብዙ ቦታ የሚሠራበት ክፍፍል 75 ከመቶ ማስተማር፣ 25 ከመቶ ምርምር ነው፤ ያቺም 25 ከመቶ በፈተና እርማትና በስብሰባ ትበላለች። ቢሆንም መሰላሉ አለ። ከፊቱ የሚቀጥለው እርከን ምን እንደሆነ ያውቃል።

ሁለተኛው የላብራቶሪ ባለሙያው ነው። ማሽኑን የሚያውቀው፣ ሲበላሽ የሚጠገንበትን ብልሃት የሚያገኘው፣ የማስተርስና የፒኤችዲ ተማሪ ሁሉ «እባክህ አሳየኝ» እያለ የሚለምነው እሱ ነው። ከሃያ ዓመት በኋላም ያው ቴክኒሻን ነው። ስንቱን ዶክተር አድርጎ እንዳወጣ የሚቆጥርለት የለም።

ሦስተኛው በፕሮጀክት የተቀጠረው ነው። ረዳት ተመራማሪ፣ የፕሮጀክት አስተባባሪ፣ የመስክ ሱፐርቫይዘር፣ ዳታ ማናጀር ይባላል። ውሉ የስድስት ወር ወይም የአንድ ዓመት ነው። ዩኒቨርሲቲው «የእኔ አይደለም፣ የፕሮጀክቱ ነው» ይለዋል። ፕሮጀክቱ ደግሞ ሲያልቅ መልስ የሚሰጥ አንደበት የለውም። ይህ ሰው መሰላል ቀርቶ የሚቆምበት ወለል የለውም።

አንድ ሰው ልሣልላችሁ። ሃና እንበላት። እውነተኛ ሰው አይደለችም፤ ግን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። በማኅበረሰብ ጤና ማስተርስ አላት። ሰባት ዓመት ውስጥ አራት ፕሮጀክት ላይ ሠርታለች። የሥነ ምግባር ፈቃድ ማመልከቻውን የምታዘጋጀው እሷ ናት። ከዞንና ከወረዳ የድጋፍ ደብዳቤ ይዛ የምትዞረው እሷ ናት። መጠይቁን ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛና ወደ አፋን ኦሮሞ ሰው በሚገባው ቋንቋ የምታስመልሰው፣ መረጃ ሰብሳቢዎቹን የምታሠለጥነው፣ የደም ናሙናው በበረዶ ሣጥን ሳይበላሽ ከተማ እንዲደርስ ሌሊት የምትጓዘው እሷ ናት። ዳታውን አጽድታ የመጀመሪያውን ሠንጠረዥ የምታወጣውም እሷ ናት። ጽሑፉ ሲታተም ስሟ የት ነው? መጨረሻ ላይ፣ «ምስጋና» የሚለው ሥር፤ ያውም «የመስክ ሠራተኞቻችንን እናመሰግናለን» ተብሎ በጅምላ ካልታለፈች።

ከዚያ ዩኒቨርሲቲው ቋሚ ቅጥር ያወጣል። ሃና ታመለክታለች። «የማስተማር ልምድ አለሽ?» የለኝም። «በስምሽ የታተመ ጽሑፍ?» አንድ፣ ሰባተኛ ስም። ሰባት ዓመት ምርምር ሠርታ፣ ምርምር በሚሠራበት ቤት፣ ልምድ የላትም ተባለች። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይኼ ነው።

ሰው ሲሄድ ምን ይሄዳል?

ሃና ትሄዳለች። ወደ መንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅት፣ ወደ ባንክ፣ ከቀናት ወደ አውሮፓ ፒኤችዲ። በመሄዷ አልወቅሳትም፤ ማንም አይወቅሳት። ጥያቄዬ ይዛው ስለምትሄደው ነገር ነው።

የየትኛው ጤና ጣቢያ መዝገብ እንደሚታመን፣ የትኛው እንደማይታመን ታውቃለች። ከሦስት ዓመት በፊት በተሰበሰበው ዳታ ላይ «99» የሚለው ቁጥር «አላውቅም» ማለት ይሁን «አልተጠየቀም» እሷ ብቻ ናት የምታውቀው። የትኛው ማቀዝቀዣ መብራት ሲጠፋ ቶሎ እንደሚሞቅ፣ የትኛው የቀበሌ ሰው ቀድሞ ካልተነገረው እንደሚቀየም ታውቃለች። ይህ እውቀት በሪፖርት አይጻፍም። በሰው ውስጥ ነው የሚኖረው። ሰውየው ሲሄድ አብሮ ይሄዳል።

የሚቀጥለው ፕሮጀክት አዲስ ልጅ ይቀጥራል፣ እንደ አዲስ ያሠለጥናል፣ እንደ አዲስ አበል ይከፍላል፣ እንደ አዲስ ይሳሳታል። ሠራተኛ በአጭር ውል መያዝ ቁጠባ የሚመስለው ይህን ሁሉ ወጪ ማንም ደምሮ ስለማያየው ነው።

ምርምር ደግሞ የአጭር ጊዜ ሥራ አይደለም። የራሳችንን ታሪክ እንይ።

ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ያዩትን ሁላችንም ሰምተናል። ሴቶች ወንዝ ዳር በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ፣ ከታች በኩል የቢልሃርዚያን በሽታ የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተገኙ። የምናወራው ስለዚያች ቅጽበት ነው። ብልህ ሰው አየ፣ ገባው፣ አበቃ። ግን አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ1966 ዛሬ በስማቸው የሚጠራው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ተመሠረተ። ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ የእንዶድ ዝርያዎችን ሰብስበው፣ እያበቀሉና እያወዳደሩ የሚሻለውን መምረጥ ነበረባቸው። መርዛማነቱ መለካት ነበረበት፤ የመስክ ሙከራ መደረግ ነበረበት። ሁለቱ ሰዎች «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት የተቀበሉት እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። ከዓድዋው ወንዝ እስከ ሽልማቱ 25 ዓመት! በስድስት ወር ውል ቢሰላ ሃምሳ ውል ማለት ነው። ሃምሳ ጊዜ «ይታደስልኝ ይሆን?» እያለ የሚያድር ሰው እንዶድን ለዓለም አያደርስም።

ሁለተኛ ምሳሌ፦ የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት መጽሐፍ፣ በተለምዶ «ፍሎራ» የሚባለው ሥራ። እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀመረ፣ በ2009 ተጠናቀቀ። ገንዘቡ በዋናነት የስዊድን መንግሥት የልማት ድጋፍ ነበር፤ አጋሩ የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ነበር። በገንዘብ ምንጩ ከዛሬዎቹ ፕሮጀክቶች አይለይም፤ የፈረንጅ ገንዘብ ነው። የሚለየው ሰው ያፈራ መሆኑ ነው። ሥራው ሲጀመር በመስኩ የሠለጠኑ ኢትዮጵያውያን በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ወጣቶች ተመለመሉ፣ በሥራው ላይ እያሉ ተማሩ፣ ዶክትሬታቸውን ይዘው ወደዚያው ወደ አዲስ አበባው ብሔራዊ ዕፀዋት ቤት ተመለሱ፤ ኋላም ሥራውን ራሳቸው መሩት። ከእነሱ አንዱ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው እ.ኤ.አ. በ2016 የለንደኑን የኪው ዓለም አቀፍ ሜዳሊያ ተሸለሙ። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ መጽሐፉም ቀረ፣ ሰዎቹም ቀሩ።

እንግዲህ «አይቻልም» የሚለኝ ሰው ይህን ይመልስልኝ፦ ያኔ እንዴት ተቻለ?

«ቦታው እንዳይዘጋ» የሚለው ክርክር

የዩኒቨርሲቲ አመራሮች ይህን ጉዳይ ሲያነሡባቸው የሚሰጡት መልስ ብዙ ጊዜ ይኼ ነው፦ «ምርምር አዲስ ደም ይፈልጋል። ሁሉን ቋሚ ካደረግን ቦታው ይዘጋል፣ አዲስ ትውልድ አይገባም፤ ቋሚ የሆነው ደግሞ ይተኛል።»

ይህን ክርክር የፈጠሩት እነሱ አይደሉም። የጀርመን የትምህርትና ምርምር ሚኒስቴር አንድ አጭር የአኒሜሽን ቪዲዮ ሠርቶ ነበር። ቪዲዮው ውስጥ አንዲት ወጣት ተመራማሪ አለች፤ ስሟም ሃና ነው። የአጭር ጊዜ ውል ጠቃሚ የሚሆነው አንድ ትውልድ ቦታውን ሁሉ ይዞ ሥርዓቱን እንዳይደፍነው ነው ይላል ቪዲዮው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2021 የጀርመን ተመራማሪዎች ይህን ቪዲዮ አግኝተው በቁጣ ተነሡ። በሺዎች የሚቆጠሩት «እኔ ሃና ነኝ» እያሉ የውላቸውን ብዛት፣ የዕድሜያቸውን ቁጥር፣ ያልወለዱትን ልጅ፣ የተዉትን ምርምር ጻፉ። በዚያ አገር ሕጉ ከዶክትሬት በፊት እስከ ስድስት ዓመት፣ ከዶክትሬት በኋላም እስከ ስድስት ዓመት በጊዜያዊ ውል ማሠራት ይፈቅዳል። ከዚያ በኋላ ወይ ፕሮፌሰር ትሆናለህ ወይ በአርባ ዓመትህ በሩ ይዘጋብሃል። ሀብታም አገር ናት፤ ገንዘብ አላጣችም። ያጣችው መሰላሉን ነው።

ሃና የእኛም ስም ነው። የእኛዋ ሃና ግን «እኔ ሃና ነኝ» የምትልበት ማኅበር እንኳ የላትም። የመምህራን ማኅበር አለ፤ እሷ መምህርት አይደለችም። የመንግሥት ሠራተኛ አይደለችም። ዩኒቨርሲቲው የራሱ አያደርጋትም።

«ቋሚ የሆነው ይተኛል» ለሚለው፦ የተኛ ሰው ካለ የሚቀሰቀስበት የሥራ አፈጻጸም ምዘና አለ፤ ምዘናውን በትክክል መሥራት የአመራሩ ግዴታ ነው። አመራሩ የራሱን ሥራ ስላልሠራ የሁሉም ሠራተኛ እንጀራ በየስድስት ወሩ ይንጠልጠል ማለት ፍትሕ አይደለም። ደግሞስ፣ ከውል እድሳት በፊት ባሉት ሁለት ወራት ማን ነው ልቡ ምርምር ላይ ያለ? ሲቪ እያስተካከለ፣ ማስታወቂያ እያነበበ፣ ስልክ እየደወለ ነው። የሥራ ዋስትና ማጣት ያተጋል የሚለው ሰው ራሱ ቋሚ ሠራተኛ መሆኑን ልብ በሉልኝ።

«ቦታው ይዘጋል» ለሚለውም፦ እኔ ሁሉም ቋሚ ይሁን አላልኩም። የምለው መንገዱ ይታወቅ ነው። የሚቀረውም የሚሄደውም ቀድሞ ይወቅ፤ የሚሄደው ባዶ እጁን አይሂድ።

ሌሎች ምን አደረጉ?

ብሪታንያ ገነት አይደለችም፤ እዚያም በአጭር ውል የሚንገላታ ተመራማሪ ሞልቷል። ግን ሁለት ነገር አድርገዋል። አንደኛ፣ ከ2002 ጀምሮ ባለ ሕግ፣ በተከታታይ ጊዜያዊ ውል አራት ዓመት የሠራ ሰው፣ ቀጣሪው በቂ ምክንያት ካላቀረበ በስተቀር ቋሚ ሠራተኛ ተደርጎ ይቆጠራል። ሁለተኛ፣ ዩኒቨርሲቲዎችና ገንዘብ ሰጪዎች የተመራማሪዎችን የሙያ እድገት ለመደገፍ የተስማሙበት ሰነድ አላቸው። በ2019 የታደሰው ይህ ሰነድ ተመራማሪው በዓመት ቢያንስ 10 የሥራ ቀን ለራሱ ሙያ እድገት ይሰጠው ይላል። ኃላፊነቱንም ለአራት ይከፍለዋል፤ ለተቋሙ፣ ለገንዘብ ሰጪው፣ ለቅርብ አለቃውና ለራሱ ለተመራማሪው። ማንም «የኔ አይደለም» ብሎ እጁን የሚታጠብበት ቀዳዳ የለም።

ሩቅ ለምን እንሄዳለን፣ እዚሁ አገር ውስጥ እንይ። የግብርና ምርምር ከእ.ኤ.አ. 1966 ጀምሮ በራሱ ተቋም የሚሠራ ነው። እዚያ የተቀጠረ ሰው «ተመራማሪ» ነው፤ ከጀማሪ ተመራማሪ ተነሥቶ በምርምር ሥራው ብቻ እርከን እየወጣ ይሄዳል፤ ለማደግ ክፍል ገብቶ ማስተማር አያስፈልገውም። ችግር የለበትም አልልም። ግን ተመራማሪነት በራሱ ሙያ እንደሆነ በዚህች አገር ያመንንበት ቦታ አለ ማለት ነው። ስንዴ ላይ ሲመራመር ሙያ የሆነው፣ ወባ ላይ ሲመራመር ለምን «የፕሮጀክት ልጅ» ይሆናል?

«ሕጉ አይፈቅድም» ለሚሉ

ሕጉን እንይ። የከፍተኛ ትምህርት አዋጁ «የአካዳሚክ ሠራተኛ» ሲል ለማስተማር የተቀጠረውን ብቻ አይደለም የሚለው፤ ለምርምር የተቀጠረውንም ይጨምራል። ከዚያም አልፎ ሴኔቱ በደንቡ እውቅና የሰጠው ሌላ ባለሙያም በዚሁ ሊካተት እንደሚችል ያስቀምጣል። ስለዚህ በሩ ከላይ አልተዘጋም። ቁልፉ የሴኔቱ ኪስ ውስጥ ነው።

ጊዜውም አሁን ነው። በ2015 ዓ.ም. የራስ ገዝ አዋጅ ወጥቷል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ራስ ገዝ ሆኗል፤ ሌሎቹም ተራቸውን እየተዘጋጁ ነው። ራስ ገዝ መሆን ማለት የራስን የሰው ኃይል ደንብ፣ የራስን የደመወዝ እርከን፣ የራስን የቅጥር ሥርዓት መጻፍ ነው። እነዚህ ደንቦች አንዴ ከተጻፉና ከጸደቁ ለአሥርና ለሃያ ዓመት ይቆያሉ። የፕሮጀክት ተመራማሪውና የላብራቶሪ ባለሙያው በረቂቁ ውስጥ ከሌሉ፣ ለሃያ ዓመት የሉም ማለት ነው። ይህን ጽሑፍ ዛሬ የጻፍኩት ለዚህ ነው።

ስለ ገንዘብ ደግሞ

«በጎ ሐሳብ ነው፣ ገንዘቡስ?» ትሉኛላችሁ።

ተገቢ ጥያቄ ነው። የአፍሪካ አገሮች ከጠቅላላ ምርታቸው ቢያንስ 1 ከመቶውን ለምርምርና ልማት ለማዋል እ.ኤ.አ. በ2006 ካርቱም ላይ ተስማምተዋል። ይህ ቃል አልተፈጸመም፤ ይፈጸም ማለታችንን አናቆምም። ግን እስኪፈጸም አንጠብቅም።

አብዛኛው የውጭ ግራንት ለተቋሙ ማስተዳደሪያ የሚሆን «ኦቨርሄድ» ይዞ ይመጣል። ይህ ገንዘብ የሚገባው ሃና በሠራችው ሥራ ነው። የት እንደሚውል የሚያውቅ ተመራማሪ አጋጥሟችሁ ያውቃል? ከዚያ ላይ ጥቂት እጅ ተለይቶ የመሸጋገሪያ ፈንድ ይቋቋም። በሁለት ፕሮጀክት መካከል ላለው ሦስትና አራት ወር የተፈተነ ሠራተኛን ደመወዝ የሚከፍል ፈንድ። የሠለጠነ ሰው ለሦስት ወር ማቆየት፣ አዲስ ሰው ለስድስት ወር ከማሠልጠን ይረክሳል። ይህ የሂሳብ ነገር ነው፤ ልመና አይደለም።

የውጭ ገንዘብ ላይ ብቻ መንጠልጠል ምን እንደሚያመጣ ደግሞ በ2017 ዓ.ም. አይተናል። አሜሪካ የውጭ እርዳታዋን ባቆመች ጊዜ፣ በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ 5 ሺህ ያህል የጤና ባለሙያዎች ውል እንዲቋረጥ ጤና ሚኒስቴር አዘዘ። በቀናት ውስጥ! እነዚያ ሰዎች ብቃት አላጡም፤ በሽታውም አላለቀም። ያለቀው ሩቅ አገር ያለ ሰው ፊርማ ነው። ምርምራችን በዚያው ገመድ ላይ ነው የተንጠለጠለው። ገመዱን ዛሬ መቀየር ባንችል፣ ከታች መረብ መዘርጋት ግን እንችላለን።

ለፕሮፌሰሮቻችን፣ በአክብሮት

ከባዱን ነገር ልበል። ጉዳዩ የፕሬዚዳንቱና የሚኒስትሩ ብቻ አይደለም። የሃና የቅርብ አለቃ እርስዎ ነዎት።

የሕክምና ጆርናል አዘጋጆች ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ደራሲ ለመባል አራት መስፈርት አስቀምጧል፦ በሥራው ሐሳብ፣ በመረጃ ማሰባሰብ ወይም በትንተናው ከባድ ድርሻ ማበርከት፣ ጽሑፉን መጻፍ ወይም በቁም ነገር ማረም፣ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅ፣ ለሥራው ተጠያቂ መሆን። ብዙ ጊዜ የሚደረገው ይኼ ነው፦ ሃና የመጀመሪያውን ታሟላለች። ረቂቁ ግን አይላክላትም። ከዚያ «ጽሑፉ ላይ አልተሳተፈችም» ተብላ ትወጣለች። ያው ኮሚቴ ይህንን አስቀድሞ አስቦበታል፤ የመጀመሪያውን ያሟላ ሰው ሁሉ በመጻፉና በማጽደቁ የመሳተፍ ዕድል ሊሰጠው ይገባል ይላል። ረቂቅ መላክ የአንድ ኢሜይል ሥራ ነው። ገንዘብ አይጠይቅም፣ ሴኔት አይጠይቅም። ሕሊና ብቻ ይጠይቃል።

በሌላ በኩል፣ አንድ ቀን መስክ ያልወረደ የሥራ ኃላፊ ስም ከፊት ሲገባ አይተናል። ስሙ ስለ ሥልጣኑ ነው የገባው። ያ ስም የገባበት ቦታ የአንድ ወጣት የፒኤችዲ ዕድል ነበር።

በዚህች አገር ሰው በማፍራት ስማቸው የሚነሣ ፕሮፌሰሮች አሉ። ተማሪዎቻቸው በየአህጉሩ ሲጠሯቸው «አባታችን»፣ «እናታችን» ብለው ነው። እነሱ የደረሱበት በጽሑፍ ብዛት ብቻ አይደለም። ጥያቄው ለምን ይህ የጥቂት ደጋግ ሰዎች ጠባይ ሆኖ ይቀራል ነው። ደግነት ላይ የቆመ ሥርዓት ደጉ ሰው ጡረታ በወጣ ዕለት ይፈርሳል። ደንብ ይሁን።

የምንጠይቀው

በግልጽና በቁጥር ልጻፈው።

1. እያንዳንዱ የምርምር ዩኒቨርሲቲ በፕሮጀክት ውል የሚሠሩ ስንት ሰዎች እንዳሉት፣ ውላቸው ስንት ጊዜ እንደታደሰ በየዓመቱ ይፋ ያድርግ። ያልተቆጠረ ሰው መብት የለውም።

2. ሴኔቶች ለምርምር ሠራተኞችና ለላብራቶሪ ባለሙያዎች የራሳቸው የእድገት እርከን ያጽድቁ። መመዘኛው የታተመ ጽሑፍ ብቻ አይሁን፤ የተደራጀ ዳታ፣ የተዘረጋ የላብራቶሪ ዘዴ፣ የሠለጠነ ሰው ይቆጠር።

3. በአንድ ዩኒቨርሲቲ በተከታታይ አራት ዓመት የሠራ የፕሮጀክት ተመራማሪ ለቋሚ ቦታ በውስጥ የመወዳደር መብት ይኑረው፤ የምርምር ልምዱም ከማስተማር ልምድ እኩል ይቆጠርለት።

4. ከኦቨርሄድ ገቢ የመሸጋገሪያ ፈንድ ይቋቋም፤ አጠቃቀሙም በየዓመቱ ይነገር።

5. በዓመት 10 የሥራ ቀን ለሙያ እድገት ይሰጥ፤ ለስታትስቲክስ ሥልጠና፣ ለጽሑፍ፣ ለፕሮፖዛል፣ ለፈለገውም የማስተማር ልምምድ። በየውሉ ላይ ይጻፍ።

6. ማንኛውም ፕሮጀክት ከመጀመሩ በፊት ማን ደራሲ እንደሚሆን በምን መስፈርት እንደሆነ በጽሑፍ ይስማሙ። ውሉ ሲያልቅም የሥራ ልምድ ደብዳቤው «አስተባባሪ ነበረች» ብቻ አይበል፤ የሠራችውን ይዘርዝር።

ከስድስቱ ውስጥ አዲስ አዋጅ የሚጠይቅ አንድም የለም። ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅም የለም። ሁሉም ግን የሚጠይቁት አንድ ነገር አለ፤ ዩኒቨርሲቲው ምርምር የሚሠራለትን ሰው «የእኔ ነው» እንዲል።

«ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው» ይላል የአገሬ ሰው። እኛ ሥራውን ለሠሪው ሰጥተናል፤ እሾሁንም ጨምረንለታል። ፍሬውን ነው ያልሰጠነው።

ሴኔት ውስጥ የምትቀመጡ፣ ረቂቅ ደንቡ ሲመጣ «የፕሮጀክት ሠራተኞች ጉዳይ የት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። አንድ ጥያቄ በቃለ ጉባኤ ከተመዘገበ መልስ ይፈልጋል። ግራንት የምትመሩ፣ በቀጣዩ በጀታችሁ ላይ የሠራተኛ ሥልጠና የሚል መስመር ጨምሩ። በውል ላይ ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ውላችሁን አንብቡ፣ የሠራችሁትን እየመዘገባችሁ ያዙ፣ እርስ በርስም ተዋወቁ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር።

ከታች በአስተያየት መስጫው ሁለት ቁጥር ብቻ ጻፉልኝ፦ ስንት ዓመት ምርምር ሠራችሁ? ስንት ውል ፈረማችሁ? የተቋም ስም፣ የሰው ስም አትጻፉ፤ ቁጥሩ ይበቃል። ዩኒቨርሲቲዎቹ እስኪቆጥሩን እኛ እንቆጣጠር።